በካፖርት ኪስ የቀሩ ስልኮች

ለተከበሩ ዶክተር ጌዛ ሎረንትሰን
የኦስተርዚል ከተማ የባህል ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኦስተርዚል

ቀን፦ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2025

ጉዳዩ፦ ለቴአትር ተመልካቾች ስልክ የታሰቡት ድምፅ የማያወጡ ሳጥኖች እንዳይገቡ፣ እንዲሁም ለእኔ ከተጻፈው ማስጠንቀቂያ ላይ ሦስት ቃላት እንዲሰረዙልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ቴልሰ ኦልሪክስ በከተማችን ቴአትር ቤት የካፖርት ክፍል ውስጥ ለሃያ ስድስት ዓመታት ቆሜያለሁ። ሠርቻለሁ ማለት ሲገባኝ ቆሜያለሁ ያልኩት ሥራው መቆም ስለሆነ ነው፤ ጉልበቶቼም ይመሰክራሉ። በመጪው ሴፕቴምበር ጡረታ እወጣለሁ። እስከዚያ ያሉትን ጥቂት ወራት አንገቴን ደፍቼ ባሳልፋቸው ለሁሉም ይቀል ነበር፤ ባልደረቦቼም የመከሩኝ ይህንኑ ነው። ደብዳቤ መጻፍ አልወድም። ከአሁን በፊት ለመሥሪያ ቤት የጻፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በሰፈራችን ስለተቆረጠ ዛፍ ነበር። መልሱ በአሥራ አራተኛው ወር መጣልኝ። ይኸኛው ጉዳይ ግን ያን ያህል የሚጠብቅ አይደለም፤ የቴአትር ቤቱ ቦርድ የሳጥኖቹን ነገር ማርች 11 ቀን ለጽሕፈት ቤትዎ አቅርቦ ያስወስናል ተብሏልና። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንዲያዩልኝ ከዚህ በታች አመለክታለሁ። ቢረዝምብዎ ይቅር ይበሉኝ፤ አሳጥሬ ለመጻፍ ሦስት ምሽት ሞክሬ አልሆነልኝም።

1. ስለ ሥራዬ

በእኛ ቴአትር ቤት ካፖርት ለብሶም ሆነ በክንድ ይዞ ወደ አዳራሹ መግባት አይፈቀድም። ስለዚህ ወደ ቴአትር የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ከንቲባም ይሁን ዓሣ ነጋዴ፣ አስቀድሞ በእኔ በኩል ያልፋል። ካፖርቱን ተቀብዬ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ሲወጣ ቁጥሩን ተቀብዬ ካፖርቱን እመልስለታለሁ። የከተማውን ሰው ከፊቱ ይልቅ በካፖርቱ አውቀዋለሁ። ማን እንደከሳ፣ ማን ሚስቱ እንደሞተችበትና ቁልፉን ራሱ መትከል እንደጀመረ፣ ማን የአባቱን ካፖርት እንደወረሰ ይነገረኛል እንጂ አልጠይቅም።

በባንኮኒያችን ጀርባ ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች። በመድረክ ላይ የሚነገረውን የምታሰማን የትርኢቱ መጨረሻ ሲቃረብ እንድንዘጋጅ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቴአትር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በጆሮዬ ግን ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ የማን ተዋናይ ጉሮሮ መቼ እንደሚደርቅ ሳይቀር አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በኋላ ለምናገረው ጥፋቴ ምክንያት ስለሆነ ነው።

2. ስለ ስልኩ ደንብ

ደንቡ ለምን እንደወጣ አውቃለሁ፤ አልቃወመውምም። የካቻምናው መኸር ተዋንያኑን ያስመረረ ነበር። ከመጋረጃው በፊት «እባካችሁ ስልካችሁን ዝጉ» የሚለው ማሳሰቢያ ይነገራል፤ ሁሉም ሰው ማሳሰቢያው ጎኑ ላለው ሰው የተነገረ እየመሰለው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ከአንዱ ኪስ የማርሽ ባንድ ሙዚቃ ይጀምራል። አንዲት ሴትዮ በአንገት ልብሳቸው ሥር ስክሪን እያበሩ መልእክት ያነባሉ፤ የማንም ዓይን እንዳላያቸው እርግጠኛ ናቸው፣ ፊታቸው ግን እንደ ጨረቃ ደምቆ ከመድረኩ ይታያል። ስልክ አንሥተው በሹክሹክታ ያወሩ አንድ ሰውዬም ነበሩ፤ በመድረኩ ላይ አዛውንቱ አባት እያጣጣሩ እሳቸው «ቴአትር ነኝ… አይ፣ ገና አልሞተም» ሲሉ አሥር ረድፍ ሰማቸው። አዛውንቱን የሚጫወቱት ተዋናይ በማግስቱ ሥራ እለቃለሁ አሉ።

ስለዚህ ቦርዱ ባለፈው ሴፕቴምበር ስልክ ሁሉ በካፖርት ኪስ ውስጥ ይቅር ብሎ ወሰነ። የከተማችን ሰው በወረቀት የተጻፈለትን ይፈጽማል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጋዜጣውም አመሰገነ። ጩኸቱ ግን አልጠፋም፣ ቤት ቀየረ እንጂ። ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ ማለት አጠፋው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከዓይኑ ሲርቅ ማጥፋቱን ይረሳዋል። አራት መቶ ካፖርት ተንጠልጥሎ፣ አንዱ በደረቱ በኩል ይንዘፈዘፋል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ እንደ ዶሮ ይጮኻል። ላይ ቤት ተመልካቹ ሰላም የሚያገኘው እኛ ምድር ቤት ሆነን ስለምንሰማለት ነው።

ለእኛም ደንብ ተሰጠን። እጅን ወደ ሰው ኪስ መክተት ክልክል ነው። የአዳራሹ በር ከተዘጋ በኋላ ማንም አይገባም። ይህ ትክክል ነው ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ሰው ኪሱን የሚያህል ምስጢር የለውም።

3. ኖቬምበር 17 ቀን፣ እሑድ

ይህን ክፍል እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለአለቃዬም አልነገርኩም።

የእሑድ ከሰዓት ትርኢት ነበር፤ በዘጠኝ ሰዓት ተጀምሮ ያለ ዕረፍት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ የሚሄድ። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ወይዘሮ ኢንከ ሃርምስ መጡ። የመርከብ ገመድ የሚሸጠው ሱቅ የእሳቸው ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። አረንጓዴ ካፖርታቸውን ሲሰጡኝ ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ። እናታቸው ከቴአትር ቤቱ ስምንት ደቂቃ በሚያስኬደው መጦሪያ ውስጥ እንደተኙ፣ አልጋቸው አጠገብ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደተቀመጡ፣ ዛሬ ግን ነርሷ ትኬት በእጃቸው አስይዛ «ሂጂ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ሌላ ሰው ያልቅስልሽ» ብላ እንዳስወጣቻቸው ነገሩኝ። ስልኩን ድምፁን አጥፍቼ ይዤው ብገባስ ብለው ጠየቁኝ።

ደንቡ ለሁሉም ነው አልኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አይቼ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦

«አይጨነቁ፣ እኔ እዚህ ነኝ። ከጮኸ እሰማለሁ።»

ስልኩን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቁጥር ሰማንያ ስምንት ሰጠኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሰባት ላይ ጮኸ። ከብዙዎቹ መሀል ለየሁት፤ ስጠብቀው ነበርና። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ደገመ። ሦስተኛው ላይ የእንግዳ አቀባበል ኃላፊያችን ወደሆኑት ወደ አቶ ሪክሌፍ ፔተርሰን ደረጃውን ወጣሁ። በየትኛው ወንበር እንደተቀመጡ ጠየቁኝ፤ አላውቅም። የሚደውለው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ኪስ መንካት አይቻልምና አላውቅም። በጨለማ ውስጥ አራት መቶ ሰው አንድ በአንድ እየጠየቅን እንዳንሄድ፣ ደግሞም እሑድ ከሰዓት ማን የማይደውል አለ፣ ትንሽ ይታገሡ አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር።

ተመልሼ ወረድኩ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ጮኸ። አብሮኝ የሚሠራው ሃውከ የሚያስጨንቀኝ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አልነገርኩትም። «ተይው እንጂ ቴልሰ፣ የራስሽ ስልክ ይመስል» አለኝ። ስምንተኛው ላይ እንደገና ወጥቼ እጄን የአዳራሹ በር እጀታ ላይ አሳረፍኩ። ለምን እንዳልከፈትኩት ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። ደንቡ ነው ብል ውሸት እጨምራለሁ። የፈራሁት አራት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ዞሮ እንዳያየኝ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጀርባና ትከሻ ላይ ካፖርት ያኖርኩ ሴት ነኝ፤ ፊት ለፊት መታየት አልለመድኩም። እጄን አንሥቼ ወረድኩ። በጠቅላላው አሥራ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ።

ትርኢቱ አልቆ ሰው ሲወርድ ወይዘሮ ሃርምስ ሦስተኛ ሆነው ወደ ባንኮኒው ደረሱ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ግን ፊታቸው አርፎ ነበር። ካፖርቱን እንዳለበስኳቸው ስልካቸውን አውጥተው አነበቡ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ወረፋው አልሄድ ብሎት ጉሮሮውን ጠራረገ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦

«አሥራ አንድ ጊዜ ደውለዋል። አልጮኸም እንዴ?»

እኔም፦

«በዚህ ሁሉ ልብስ መሀል አይሰማም። አልሰማሁም» አልኩ።

«እንግዲያው የማንም ጥፋት አይደለም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ባለው እጄ ላይ አድርገው ጫን አደረጉት። እናታቸው የሞቱባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ እኔን አጽናኑኝ።

ነርሷ በመጀመሪያ የላከችው መልእክት «እየጠሩሽ ነው፣ ቶሎ ነይ» የሚል እንደነበር፣ እናቲቱም አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ እንዳረፉ በኋላ ከከተማው ሰው ሰማሁ። በመጀመሪያው ጥሪ ብነግራቸው ኖሮ ስምንቱን ደቂቃ ሄደው አርባ ደቂቃ ይተርፋቸው ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደኝ። በዚህ ወር ዘጠነኛው ቀን ወይዘሮ ሃርምስ ከሐዘናቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴአትር መጡ። ከሩቅ አይቻቸው ሦስተኛው የካፖርት ረድፍ ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ። በስልሳ አምስት ዓመቴ በሰው ካፖርት መሀል ቆሜ ትንፋሼን ያዝኩ። ሃውከን «ያች ደግ ሴትዮ ዛሬ የሉም እንዴ?» ብለው ሲጠይቁት ሰማሁ።

4. ጃንዋሪ 26 ቀን፣ እሑድ

በጽሑፍ የተከሰስኩበት ቀን ይህ ነው። ከተማው ሁሉ ያወራው ስለሆነ ጽሕፈት ቤትዎም ሳይሰማው አይቀርም፤ ሆኖም ከእኔም ይሰማ።

ሃውከ ጉንፋን ይዞት ቀርቷል፤ ብቻዬን ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ ጥቁር ሰማያዊ የመርከበኛ ካፖርት፣ ጮኸ። ጥሪው የመርከብ ጡሩምባ ነው። አራቴ፣ አምስቴ ደጋገመ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እኔ ግን እባብ ነው ወይስ ልጥ ብዬ የምለይበት ጊዜ አልነበረኝም። አቶ ፔተርሰንን ፈለግሁ፤ ተውኔቱ አዲስ ስለሆነ ለማየት አዳራሹ ገብተዋል። ስልክ እንዳልደውልላቸው የእሳቸውም ስልክ የቀረው በቁጥር ሦስት ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ያሰብኩትን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ወደ ሰው ኪስ እጅ መክተት ክልክል ነው፤ አልከተትኩም። ነገር ግን ካፖርትን ለባለቤቱ ማድረስ የተቀጠርኩበት ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባትን ከነማንጠልጠያው፣ በኪሱ ውስጥ እየጮኸ እንዳለ፣ አነሣሁት። በሩን ለመክፈት ተስማሚ ጊዜ እስኪመጣ ድምፅ ማጉያዋን አዳመጥሁ። ወዲያው በመድረኩ ላይ ንግግር ቆመ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ምንም የለም። ሁለት ደቂቃ። መብራት ጠፍቶ ዕቃ እየቀየሩ ነው አልኩ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ማጉያዋ እንዲህ ዝም ያለችው በሌላ ምክንያት አልነበረም። ሮጬ ወጥቼ ከፈትሁ።

መብራት አልጠፋም። በመድረኩ መሀል የሬሳ ሣጥን ነበር፤ አጠገቡ ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር ሻሽ ተከናንባ ተቀምጣለች። በኋላ እንደተነገረኝ በተውኔቱ ውስጥ አራት ደቂቃ አንድም ቃል የማይነገርበት፣ ጋዜጣው «የዘመኑ ታላቅ ዝምታ» ያለው ቦታ ይህ ነበር። በዓይን የሚታይ እንጂ በጆሮ የሚሰማ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ያለኝ ጆሮ ብቻ ነው። አራት መቶ ሰው ዞሮ አየኝ። የፈራሁት ደረሰ። ከደረሰ በኋላ መመለስ ምን ያደርጋል ብዬ ካፖርቱን ከፍ አድርጌ ይዤ «ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ ስልክዎ ነው» አልኩ። ጡሩምባውም ጮኸ።

ከዘጠነኛው ረድፍ አቶ ኦነ ፎልከርት የተባሉ ጡረተኛ የጀልባ መሪ ተነሡ። የአሥራ አንድ ሰው ጉልበት ተሻግረው፣ ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጥቶ ወደ እኔ መጡና ከያዝኩት ካፖርት ኪስ ስልኩን አወጡ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልካቸው ሁልጊዜ በከፍተኛ ድምፅ ነው። የጎረቤታቸው የአሮጊቷ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦

«አቶ ፎልከርት፣ ነገ የሚወጣው የቆሻሻ በርሜል ቢጫው ነው ሰማያዊው?»

አቶ ፎልከርት ወደ ሬሳ ሣጥኑ አንዴ አዩ። ከዚያ፣ የተጠየቀ ሰው መመለስ ስላለበት፣ «ሰማያዊው» አሉ።

የተከተለውን ሳቅ መግለጽ አልችልም። ባለ ጥቁር ሻሿ ተዋናይት ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰች የሚሉም ሳቀች የሚሉም አሉ፤ መጋረጃው ወረደ። ትርኢቱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ቢቀጥልም ያ ዝምታ ዳግመኛ አልተገኘም፤ ማንም ሰው ሬሳ ሣጥኑን ሲያይ በርሜል ይታየው ነበር። ተዋናይቷን በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስድስት ሳምንት የለፋችበትን ነገር አበላሽቻለሁና ቅር ቢላት አይፈረድባትም። አቶ ፎልከርትም ሲወጡ ካፖርታቸውን ተቀብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ወይዘሮ ኦልሪክስ፣ ሰው ሞቶብኝ ቢሆን ኖሮ ስምዎን ለልጅ ልጆቼ አወርስ ነበር። አሁን ግን ሁለተኛ ባይጠሩኝ ደስ ይለኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ቤት ስገባ «ሰማያዊው» ይሉኛል። መድኃኒት ቤትም እንዲሁ። ስቄ አልፋለሁ፤ ሳቁም ይደክማል።

5. ስለ ማስጠንቀቂያውና ስለ ሳጥኖቹ

ፌብሩዋሪ 4 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ከማርች አንድ ጀምሮም ወደ ተዋንያን ልብስ ማጠቢያ ተዛውሬያለሁ። በሁለቱም አልከራከርም። ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ የልብስ ማጠቢያውም ሙቅ ነው፣ ወንበርም አለው። የማልቀበለው ደብዳቤው ውስጥ «ሠራተኛዋ ያለ በቂ ምክንያት ትርኢቱን አቋርጠዋል» ከሚለው ሦስቱን ቃላት ብቻ ነው። ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቴ የቆሻሻ በርሜል አልነበረም፤ ኖቬምበር 17 ነበር። አለቃዬ ይህን አያውቁም፤ ስላልነገርኳቸው አልወቅሳቸውም።

በዚህ ወር አሥረኛው ቀን ደግሞ ለናሙና አንድ ሳጥን መጣ። ተመልካቹ ስልኩን ራሱ ይከትበታል፣ ክዳኑን ይዘጋል፣ ቁልፉን ይዞ ይገባል። ውስጡ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ ነው። አቶ ፔተርሰን የገዛ ስልካቸውን ከትተው ዘጉና ሃውከ እንዲደውል አደረጉ። ሁላችንም ከበን ቆምን። ምንም የለም። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ክዳኑ ላይ ለጠፍሁ፤ ያኔም ምንም የለም። አቶ ፔተርሰን በደግነት ትከሻዬን ነክተው «ከእንግዲህ እዚህ ለሚቆም ሰው የሚያስጨንቅ ነገር አይኖርም፤ አይሰማም» አሉኝ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ይህን አቤቱታ መጻፍ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

6. የምጠይቀው

ስልክ አዳራሽ ይግባ አልልም። ሰው ገንዘቡንና እሑዱን ሰጥቶ የመጣበትን ነገር በሰላም ይይ፤ ተዋናዩም ለሰው እንጂ ለስክሪን አይጫወት። የምለው ሌላ ነው፤ ዝም ያሰኘነውን ስልክ አንድ የሚሰማው ሰው ይኑር። ስለዚህ፦

ሀ) ሳጥኖቹ እንዳይገዙ፤

ለ) ካፖርት ስንቀበል የተመልካቹን የወንበር ቁጥር ከካፖርቱ ቁጥር ጎን እንድንጽፍ ይፈቀድልን። ደብተርና እርሳስ ከበቂ በላይ አለን፤ መጠየቁም ከሁለት ሰኮንድ አያልፍም። ኖቬምበር 17 ቀን የጎደለን ይህ ብቻ ነበር፤ እና የእኔ ድፍረት፤

ሐ) አንድ ስልክ ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ ከጮኸ የካፖርት ክፍሉ ሠራተኛ አውጥቶ እንዲያነሣው ለተመልካቹ አስቀድሞ ተነግሮ በፈቃዱ ይፈረምበት። በርሜል ከሆነ በርሜል ነው ብለን እንዘጋለን። ካልሆነ በሩን የሚጠብቀው ባልደረባ ለስላሳ ጫማ አድርጎ ገብቶ የዚያን ወንበር ሰው ትከሻ ይንካ፤

መ) ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስት ቃላት ከማስጠንቀቂያው ይሰረዙልኝ። ማስጠንቀቂያው ራሱ ይቆይ።

ወደ ካፖርት ክፍሉ መልሱኝ ብዬ አልጠይቅም። ከማርች በኋላ ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባት ከእኔ የሚሻል። ነገር ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ስልኩን ካየ በኋላ ወደዚያ ሠራተኛ ዞሮ «አልጮኸም እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሠራተኛውም «አልሰማሁም» ይላል፤ እውነቱንም ይሆናል። እኔ ያን ቃል ስናገር ውሸት ነበር፤ ውሸት ስለሆነም አላስተኛ ብሎኝ ይኸው ሊያስጽፈኝ በቃ። ያኔ የሚቆመው ሰው ግን ተኝቶ ያድራል። ጽሕፈት ቤትዎ እንዲያስብልኝ የምለምነው ስለዚህ ነው።

በዚህ አቤቱታ የጻፍኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ለሚመለከታቸው ሁሉ ግልባጭ አድርጌያለሁ።

ከድካም ጋር ግን በሙሉ አክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ቴልሰ ኦልሪክስ
(ፊርማ)
የካፖርት ክፍል ሠራተኛ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ድረስ

ግልባጭ፦
– ለከተማው ቴአትር ቤት ቦርድ
– ለአቶ ሪክሌፍ ፔተርሰን፣ የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ
– ለወይዘሮ ኢንከ ሃርምስ፣ የገመድ ሱቅ (በፖስታ የማይላክ፤ ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ራሴ ወስጄ በእጃቸው የምሰጠው)